በጣሊያን ዘመን ሆስፒታሎች ሕሙማን በምን ይሞቱ ነበር? ዛሬስ ምን ተለውጧል?

በሊበን፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ገጠር አንዳንድ ቤተሰብ ሕመምተኛውን ወደ ሆስፒታል ለመውሰድ ሲያመነታ ምክንያቱ ርቀትና ገንዘብ ብቻ አይደለም። «እዚያ የገባ አይወጣም» የሚል ፍርሃትም አለ። ይህ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም። አያቶቻችንና ቅድመ አያቶቻችን በሚያውቋቸው የመጀመሪያዎቹ ሆስፒታሎች ብዙ ሰው ሞቷል።

በዚህ ጽሑፍ በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) እና በዚያ አካባቢ በነበሩት ዓመታት ሕሙማንን ሆስፒታል ውስጥ ይገድሉ የነበሩት በሽታዎች ምን እንደነበሩ፣ ለምን እንደገደሉ፣ ዛሬ የትኞቹ መድኃኒት እንዳገኙና የትኞቹ አሁንም ቤተሰብን እንደሚያዘናጉ እንመለከታለን። ዓላማው ታሪክ መተረክ ብቻ አይደለም። ያኔ ሰው የሞተበትን ምክንያት የሚያውቅ ቤተሰብ ዛሬ ሰው እንዳይሞትበት ማድረግ ይችላል።

በአጭሩ

• በዚያ ዘመን አብዛኛው ሞት የመጣው ከተላላፊ በሽታ፣ ከቁስል መመርቀዝና ከወሊድ ችግር ነው። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ገና አልተስፋፋም ነበር።
• ሆስፒታል የሞት ቦታ የመሰለው ሰው ወደዚያ የሚሄደው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ካለቀ በኋላ ስለነበር ነው።
• እነዚያ በሽታዎች አልጠፉም። ዛሬ ግን አብዛኞቹ በጊዜ ከተደረሰባቸው ይድናሉ።
• አንዳንድ ሕመምተኛ መርፌ ከተወጋ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ሊብስበት ይችላል። ይህ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ሕክምናውን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም።

የዚያ ዘመን ሆስፒታል ምን ይመስል ነበር?

ዘመናዊ ሕክምና ወደ አገራችን በስፋት መግባት የጀመረው ከአድዋ ድል በኋላ ነው። በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን መጥቶ በአዲስ አበባ ሕሙማንን አከመ፤ ቆይቶም የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተሠራ። በክፍለ አገር የነበሩት ሆስፒታሎች ግን በጣም ጥቂት ሲሆኑ አብዛኞቹም በውጭ ሚሲዮኖች የሚመሩ ነበሩ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ከሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በቀር በጣት የሚቆጠር እንኳ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ጦርነቱ ሲጀመር ይህ ጥቂት ነገርም ተጎዳ። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል ተመታ። በታኅሣሥ ደግሞ በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ካምፕ በቦምብ ተደበደበ። በመርዝ ጋዝ የተቃጠሉ ወታደሮችን ያክሙ የነበሩት እነዚህ የድንኳን ሆስፒታሎች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት የቅኝ ገዥው ሕክምና በመጀመሪያ የሚያስበው ለራሱ ወታደሮችና ሰፋሪዎች ነበር። የዘር መለያ ሕግ ስለነበር ነጭና የአገሩ ሰው በአንድ ክፍል አይተኙም። በጎጃም ቡሬ፣ ዳንግላና ደብረ ማርቆስ የጣሊያን ጦር የሰፈረባቸው ቦታዎች ነበሩ። ጫካ የገባው አርበኛና የገጠሩ ሕዝብ ደግሞ ከወጌሻ፣ ከባሕል መድኃኒትና ከጠበል ሌላ የሚሄድበት አልነበረውም።

የሕክምናው አቅምም ውስን ነበር። ፔኒሲሊን እ.ኤ.አ. በ1928 ቢገኝም ለሕክምና በስፋት የቀረበው በ1940ዎቹ ነው። ሰልፋ የሚባሉት መድኃኒቶች ገና አዲስ ነበሩ። ለወባ ኪኒን፣ ለትኩሳት ግርሻ አርሴኒክ ያለበት መርፌ ይሰጥ ነበር። ተቅማጥ የያዘው ሰው የሚጠጣው ኦ አር ኤስ አልነበረም። ደም መስጠትም የትልልቅ ከተሞች ሕክምና ነበር።

ሆስፒታል ለምን የሞት ቦታ መሰለ?

በአሥረኛው ቀን፣ ራሱን ስቶ፣ በቃሬዛ ተጭኖ የመጣ ሕመምተኛ የመዳን ዕድሉ ያኔም ዛሬም አነስተኛ ነው። ሲሞት ግን ሰው የሚያስታውሰው ቤት ያለፉትን ዘጠኝ ቀናት አይደለም፤ የሞተበትን ሆስፒታል ነው። በመጀመሪያው ቀን መጥቶ፣ መድኃኒት ወስዶ፣ በእግሩ ወደ ቤቱ የተመለሰውን ደግሞ ማንም አያወራለትም።

ስለዚህ «ሆስፒታል ገብቶ ሞተ» የሚል ወሬ ሲሰሙ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ፦ በስንተኛው ቀን ገባ? ሲገባ በምን ሁኔታ ላይ ነበር?

ሕሙማንን ይገድሉ የነበሩ በሽታዎች

1. ተስቦና ትኩሳት ግርሻ (በቅማል የሚተላለፉ ትኩሳቶች)

ጦርነት፣ ረሃብና መጨናነቅ ባለበት ሁሉ እነዚህ ሁለት በሽታዎች አብረው ይመጣሉ። ሁለቱንም የሚያስተላልፈው በልብስ ስፌት ውስጥ የሚኖረው የሰውነት ቅማል ነው። የራስ ቅማል ከዚህ የተለየ ነው። ሰው በሽታው የሚይዘው በንክሻው ሳይሆን በአብዛኛው ቅማሉን ሲጨፈልቅና ሲያክ ነው፤ የተጨፈለቀው ቅማል ፈሳሽ ወይም ዐይነ ምድሩ በተጫረ ቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል።

በቅማልና በበሽታው መካከል ያለው ግንኙነት የታወቀው በአንድ የቅኝ ግዛት ዘመን ሆስፒታል በር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ሻርል ኒኮል የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በቱኒስ ከተማ በሳዲቂ ሆስፒታል ይሠራ ነበር። የተስቦ ሕሙማን በቤታቸው፣ በመንገድና በሆስፒታሉ መቀበያ ሌላውን ሰው ሲያስይዙ ታጥበውና ልብሳቸው ተቀይሮ ወደ መኝታ ክፍል ከገቡ በኋላ ግን ማንንም እንደማያስይዙ አስተዋለ። የሕሙማንን ልብስ የሚቀበሉት ሠራተኞች ግን ይታመሙ ነበር። መልሱ በልብሱ ውስጥ ነበር፤ ቅማል። ኒኮል ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1928 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

የትኩሳት ግርሻ ምልክቶች፦ ድንገት የሚጀምር ከፍተኛ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም፣ አንዳንዴ ነስር፣ የዐይን ቢጫ መሆን። ትኩሳቱ አምስት ቀን ያህል ቆይቶ ይለቃል። ሕመምተኛው ዳነ ሲባል ከሳምንት ገደማ በኋላ እንደገና ያገረሻል። ስሙም የመጣው ከዚህ ነው።

የተስቦ ምልክቶች፦ የማይለቅ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ከቀናት በኋላ ደረትና ሆድ ላይ የሚወጣ ሽፍታ፣ መቀባዠር።

ሕክምና ካላገኘ ትኩሳት ግርሻ ከያዛቸው 100 ሰዎች ከ10 እስከ 40 የሚሆኑትን ይገድላል። በተገቢው መድኃኒት ሲታከም ይህ ቁጥር ወደ 2 እስከ 5 ይወርዳል። ትኩሳት ግርሻ በአገራችን አሁንም አለ። ይበልጥ የሚያጠቃውም በጠባብ ክፍል ተጨናንቀው የሚያድሩትን ነው፦ የቀን ሠራተኞችን፣ ጎዳና አዳሪዎችን፣ ተፈናቃዮችን፣ ማረሚያ ቤት ያሉትን፣ በጎጆ በርከት ብለው የሚተኙ የቆሎ ተማሪዎችን። ልጅዎ ቅኔ ቤት ወይም ሥራ ፍለጋ ሄዶ ትኩሳት ይዞት ከተመለሰ የት እንደነበረና ከማን ጋር እንዳደረ ለሐኪሙ ይንገሩ። የደም ምርመራው ለወባ የሚደረገው ዓይነት ሲሆን በትኩሳቱ ሰዓት ሲወሰድ ጀርሙ ይበልጥ ይታያል።

2. «መርፌው ገደለው» ስለሚባለው ነገር

ከቤተሰብ ዘንድ ትልቁ ቅሬታ የሚነሳው እዚህ ላይ ስለሆነ ለብቻው ማስረዳት ያስፈልጋል።

የትኩሳት ግርሻ ሕመምተኛ ትክክለኛውን መድኃኒት ሲወስድ በደሙ ውስጥ ያሉት ጀርሞች በአንድ ጊዜ በብዛት ይሞታሉ። ሰውነቱም ለዚህ በኃይል ምላሽ ይሰጣል። መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ገደማ ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ይጀምረዋል፤ ትኩሳቱ ይንራል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ይጨነቃል። ከዚያ ላብ ያጠምቀዋል፤ የደም ግፊቱ ለሰዓታት ዝቅ ይላል። ሐኪሞች ይህን የያሪሽና ኸርክስሃይመር ምላሽ ይሉታል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 እና በ1902 ይህንኑ በቂጥኝ ሕሙማን ላይ ካዩ ሁለት ሐኪሞች ነው።

አብዛኛው ሰው ይህን አልፎ በማግስቱ ይሻለዋል። አንዳንዱ ግን፣ በተለይ ዘግይቶ የመጣ፣ የተዳከመ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በዚህ ሰዓት ለከፋ አደጋ ይጋለጣል፤ ሊሞትም ይችላል። ድሮ መንስኤው ለቤተሰብ ስለማይነገር «ደኅና የነበረውን መርፌ ገደለው» ተባለ። እውነቱ መድኃኒቱ ባይሰጥ ኖሮ የሚሞተው ሰው በብዙ እጥፍ ይጨምር ነበር።

ስለዚህ፦

• ሕመምተኛው መድኃኒቱን በወሰደበት ቀን ቢያንስ ለ24 ሰዓት በጤና ተቋም ክትትል ሥር ይቆይ። «ተወግቷል፣ ወደ ቤት እንውሰደው» አይበሉ።
• ተሻለኝ ቢል እንኳ በዚያ ቀን ከአልጋ አይነሳ። ለሽንትም ቢሆን እዚያው ይርዱት። ድንገት ተነስቶ ቆሞ የወደቀና ሕይወቱ ያለፈ አለ።
• መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነርሷን ይጥሩ። ግሉኮሱን ወይም ኦክስጅኑን ራስዎ አይንቀሉ።
• ሐኪሙን «መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ምን እንጠብቅ?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ከመርፌ ወይም ከክኒን በኋላ ፊትና ከንፈር ማበጥ፣ ሰውነት ማሳከክና ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ይህ የተለየ ነገር ነው፤ አለርጂ ሊሆን ይችላል። በደቂቃ ውስጥ እርዳታ ስለሚያስፈልገው ወዲያውኑ ይጩኹ።

3. ወባ

ወባ በዚያ ዘመን ቆላ የወረደውን ወታደርና ነጋዴ የሚጨርስ በሽታ ነበር። ከወረራው በኋላም አላባራም። በ1945 ዓ.ም. ገደማ በጣና ዙሪያ በደምቢያ የተነሳው ወረርሽኝ ብዙ ሰው ጨረሰ፤ የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። በ1950 መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ወባ ወደ ደጋማው የአገራችን ክፍል ወጥቶ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው እንዳሳመመና 150 ሺህ ያህሉን እንደገደለ ይገመታል።

ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ወባ ዛሬም አለ። ይበልጥ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ በግንቦትና በሰኔም ይነሳል። አደገኛው የወባ ዓይነት ሕፃንን ትኩሳት በጀመረው በ24 ሰዓት ውስጥ ሊያደርስበት ይችላል። «ምች ነው»፣ «መጋኛ ነው» ብሎ ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅ የብዙ ሕፃናትን ሕይወት ያሳጣው ለዚህ ነው። ትኩሳት በጀመረ በመጀመሪያው ቀን በአቅራቢያዎ ባለው ጤና ኬላ ደም ያስመርምሩ። የተሰጠውን መድኃኒት ተሻለኝ ብለው ሳያቋርጡ ይጨርሱ፤ ለሌላ ሰው አያካፍሉ። የአልጋ አጎበሩንም ለእህል መሸፈኛ ሳይሆን ለመኝታ ይጠቀሙበት።

4. ተቅማጥ

በጦር ካምፕና በተጨናነቀ ሰፈር ተቅማጥና ደም ተቅማጥ ከጥይት ባልተናነሰ ሰው ይገድሉ ነበር። ሰው የሚሞተው ብዙ ጊዜ ከሰውነቱ ውኃና ጨው አልቆ ነው። ሰውነት ያጣውን ውኃ በአፍ በሚጠጣ የስኳርና የጨው ውሕድ መተካት እንደሚቻል በተግባር የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ዛሬ በየጤና ኬላው የሚሰጠው ኦ አር ኤስ፣ ብዙዎቻችን «ለምለም» የምንለው፣ የመጣው ከዚያ ነው።

አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጥብጡ፤ በተቅማጡ ልክ ቀስ እያሉ ያጠጡ፤ 24 ሰዓት ያለፈውን ይድፉ። ጡት የሚጠባ ሕፃን ጡቱን አያቋርጥ፤ ለሕፃናት የሚታዘዘው ዚንክም እስከ መጨረሻው ይሰጥ። ሕፃኑ ዐይኑ ከሰረጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ፣ ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካለው ጤና ጣቢያ ያድርሱት።

5. ቁስልና መንጋጋ ቆልፍ

የዚያን ዘመን ቁስለኛ ከጥይቱ ቢተርፍ እንኳ ቁስሉ መርቅዞ ወይም መንጋጋ ቆልፍ ይዞት ይሞት ነበር። የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም በአፈርና በእንስሳት ፍግ ውስጥ ይኖራል። ቁስል ከደረሰ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ አፍ አልከፈት ይላል፤ አንገትና ጀርባ ይገተራል። ክትባቱ በስፋት ሥራ ላይ የዋለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ዛሬም ቢሆን በሽታው ከጀመረ በኋላ ማዳን ከባድ ነው፤ መከላከል ግን ቀላል ነው።

ማረሻ፣ ማጭድ፣ ሚስማር ወይም እሾህ ከወጋዎ ቁስሉን በብዙ ንጹሕ ውኃና በሳሙና ይጠቡ፤ አፈር፣ ፍግ ወይም ቅቤ አይቀቡበት፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደው ክትባት እንደሚያስፈልግዎ ይጠይቁ። የአራስ ልጅ እትብትም እንዲሁ በንጹሕ ምላጭ ይቆረጥ፤ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አይቀባ። እናት በእርግዝናዋ ወቅት ክትባቱን ከወሰደች ልጁም ይጠበቃል።

6. ወሊድ

እናት ሦስት ቀን አምጣ፣ በቃሬዛ ተጭና ሆስፒታል ስትደርስ የዚያ ዘመን ሐኪም ብዙ የሚያደርገው አልነበረም። ደም ማግኘት አይቻልም፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣውን ኢንፌክሽን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የሚፈሳት ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ይህ ዛሬም አልተለወጠም። የተለወጠው ደሙን የሚያቆም መድኃኒት፣ የሚሰጥ ደምና የሚያዋልድ ባለሙያ መኖሩ ነው።

በመንግሥት ጤና ተቋማት የወሊድ አገልግሎት በነጻ ይሰጣል። ቤትዎ ከመንገድ ከራቀ ቀኑ ሲቃረብ በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ መቆየት እንደሚችሉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ይጠይቁ። አምጣ 12 ሰዓት ያለፋት፣ ደም የሚፈሳት፣ የሚያንዘፈዝፋት፣ ወይም ልጁ ተወልዶ በ30 ደቂቃ ውስጥ የእንግዴ ልጁ ያልወጣላት እናት ጊዜ አይሰጣትም።

7. ሳምባ ምችና የኅዳር በሽታ

ወረራው ከመምጣቱ ከ17 ዓመት በፊት፣ በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደገደለ ይገመታል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናቃጥለው የዚያ መታሰቢያ ሆኖ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙዎችን የገደለው ጉንፋኑን ተከትሎ የመጣው የሳምባ ምች ነበር። ዛሬ ለሳምባ ምች መድኃኒትና ኦክስጅን አለ። ሕፃን ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ጡት መጥባት ካቆመ በዚያው ሰዓት ይውሰዱት።

ሆስፒታሉ ራሱ የሚያመጣው በሽታስ?

ፍርሃቱ ሙሉ በሙሉ ስሕተት ነው ማለትም አይቻልም። ሆስፒታል ውስጥ በሽታ ከሰው ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ሰመልቫይስ የተባለ ሐኪም፣ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውኃ መታጠብ ሲጀምሩ የአራሶች ሞት በእጅጉ እንደቀነሰ አሳይቷል። ዛሬም ዋናው መከላከያ እጅ መታጠብ ነው። የቆሰለን የሚያጥብ ወይም መርፌ የሚወጋ ባለሙያ እጁን መታጠቡንና አዲስ መርፌ መክፈቱን በትሕትና መጠየቅ መብትዎ ነው። እርስዎም የድርሻዎን ያድርጉ፦

• ጠያቂ ይቀንሱ። በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይበቃል፤ ሕፃናት ይቅሩ።
• ሕመምተኛውን ከመንካትዎ በፊትና በኋላ እጅዎን ይታጠቡ።
• ከአጠገቡ ካለው ሕመምተኛ ጋር ጋቢ፣ ብርድ ልብስ ወይም ዕቃ አይዋዋሱ።

ሦስቱ መዘግየቶች

የጤና ባለሙያዎች፣ በተለይ የእናቶችን ሞት ሲመረምሩ፣ ሦስት መዘግየቶችን ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ለመሄድ መወሰን ላይ ነው፤ ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ጤና ተቋሙ ከደረሱ በኋላ ሕክምና እስኪያገኙ ድረስ ነው። ሦስተኛው የእኛ የባለሙያዎቹ ኃላፊነት ነው። ሁለተኛው የመንገድና የአምቡላንስ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ግን በእርስዎ ቤት ውስጥ የሚወሰን ነው። ማን ይሸኛል? ከብቱን ማን ይጠብቃል? ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ይህን በደኅና ጊዜ ከቤተሰብና ከጎረቤት ጋር ይምከሩ። የጤና መድኅን መታወቂያዎን ያሳድሱ። የአምቡላንሱን ስልክ ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይያዙ።

ጠበል የሚወስዱ ከሆነም መድኃኒቱን አያቋርጡ፤ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል።

ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም የሚያስሄዱ ምልክቶች

• ትኩሳት ከመቀባዠር፣ ራስን ከመሳት ወይም ከመንዘፍዘፍ ጋር
• የዐይን ቢጫ መሆን፣ ጥቁር ሽንት፣ ወይም ሽንት መጥፋት
• ትንፋሽ ማጠር ወይም መፍጠን
• የጠጡትን ሁሉ መልሶ ማስታወክ
• ለቆ ከቀናት በኋላ የተመለሰ ትኩሳት
• አፍ አልከፈት ማለት ወይም የአንገት መገተር
• በእርግዝና ወይም ከወሊድ በኋላ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዐይን ብዥታ

ቤት ውስጥ ቅማል ካለ

ቅማልን በጥፍር ወይም በጥርስ አይጨፍልቁ። ልብሱን፣ ጋቢውንና አንሶላውን በፈላ ውኃ ይቀቅሉ፤ ስፌቱን በጋለ ካውያ ይተኩሱ። መቀቀል የማይችሉትን እንደ ቡልኮና ደበሎ ያለ ነገር በላስቲክ ከረጢት አስረው ከሁለት ሳምንት ላላነሰ ጊዜ ማንም ሳይለብሰው ያቆዩ፤ የሰውነት ቅማል ያለ ሰው ደም ከሳምንት በላይ አይቆይም። በትኩሳት ግርሻ ወይም በተስቦ የሞተ ሰው ልብስ ሳይቀቀል ለዘመድ ወይም ለነዳያን አይሰጥ።

የቤተሰብ አባል ሆስፒታል ውስጥ ሲያርፍ

ሐዘን ላይ ሆኖ ጥያቄ መጠየቅ ከባድ ነው። ነገር ግን የሞቱን መንስኤ ማወቅ ለቀሩት ይጠቅማል። በሽታው ተላላፊ ከሆነ ቤት ያሉት መመርመር ወይም መታከም ሊኖርባቸው ይችላል። ከቤተሰቡ ሰከን ያለ አንድ ሰው ይምረጡና ሐኪሙን እነዚህን ይጠይቅ፦

• በምን በሽታ ነው ያረፈው? በምርመራ ተረጋግጧል ወይስ ግምት ነው?
• ቀደም ብለን ብንመጣ ይለወጥ ነበር?
• በበሽታው ከቤተሰቡ ሌላ የሚያዝ ሰው ይኖራል? ምን እናድርግ?
• የተሰጠው መድኃኒት ምን ነበር?

ባለሙያው በሚገባዎት ቋንቋ የመመለስ ግዴታ አለበት። ያልገባዎትን ደግመው ይጠይቁ። ሆስፒታሉ የሚሰጥዎትን የሞት ማሳወቂያ ወረቀት ይዘው ሞቱን በቀበሌው በ30 ቀን ውስጥ ያስመዝግቡ። ወረቀቱ ለውርስና ለጡረታ ያገለግላል፤ ከዚያ በላይ ግን የሰዉ ሞት ከነመንስኤው ሲመዘገብ ወረርሽኝ ቶሎ ይታወቃል። በጣሊያን ዘመን በጎጃም ጫካና በየጎጆው ያለቁት ስንት እንደሆኑና በምን እንደሞቱ ዛሬ መቁጠር ያልተቻለው የሚመዘግብላቸው ስላልነበረ ነው።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የተዘጋጀ ስለሆነ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ከላይ ከተዘረዘሩት ምልክቶች አንዱን ካዩ ነገን ሳይጠብቁ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ።